ሎቤዱ መንገድ የዘጋው ወደቡ በር ላይ ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት እትማችሁ አንድ አንባቢ ስለ ሎቤድ፣ ማለትም ከባድ ማሽን ስለሚጫንበት ወለሉ ዝቅ ያለ ተጎታች፣ የጻፉትን አነበብኩ። እስካቫተር (መሬት መቆፈሪያ ማሽን) የጫነ ሎቤድ ድልድይ ሥር ቆሞ ሁለት ሰዓት ሙሉ መንገድ ዘጋብኝ፣ ሹፌሩም ወርዶ ዱላ ይዞ ሲንጎራደድ ነበር ብለው አምርረዋል። እነዚህ መኪኖች ቀን ቀን ከመንገድ ይታገዱ፣ ሹፌሮቹም ይቀጡ ነው የሚሉት።

ያ ሹፌር እኔ አልነበርኩም። ግን ልሆን እችል ነበር። ሎቤድ ስነዳ 17 ዓመቴ ነው፣ ድልድይ ሥር ቆሜም የሰው ጡሩምባና ስድብ ጠግቤያለሁ። እሳቸው ዱላ ያሉት መለኪያ ዘንግ ነው። ሰውየው ሲንጎራደድ የነበረው ማሽኑ ያልፋል አያልፍም የሚለውን ለማወቅ ነው። እንደ እኔ መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ሌላ ነው፦ ይኼ ነገር ድልድዩ ሥር ከደረሱ በኋላ ለምን ይለካል? ከወደቡ በር ሲወጡ ለምን አልተለካም?

አንባቢያችሁ ማሽኑን መንገድ ላይ ነው ያዩት። እኔ ከመርከብ ሲወርድ ጀምሮ ስለማውቀው ከዚያው ልጀምር።

የግንባታ ማሽን በሁለት መንገድ ይመጣል። አንዳንዱ በራሱ ጎማ ወይም ሰንሰለት እየተነዳ ከሚወርድበት መርከብ፣ ሌላው ደግሞ በክሬን እየተነሣ። አብዛኛውን ጊዜ ነዳጁ ለእሳት አደጋ ሲባል ጥቂት ብቻ ነው የሚቀመጥለት፣ ባትሪውም ይነቀላል። ስለዚህ ወደብ ላይ የሚጠብቀን ማሽን ብዙ ጊዜ በድን ነው። አንድ ጊዜ ሮለር ልጭን ሄጄ ቁልፉ የለም ተባልኩ፤ ሲፈለግ ሲፈለግ፣ ሻጩ በፖስታ ልኮት ፖስታው ገና አልደረሰም! አንድ ቀን ከግማሽ ጠበቅን።

ትልልቆቹ ደግሞ ሙሉ ሆነው አይመጡም። ካተርፒላር ዲ8 የሚባለውን ዶዘር ውሰዱ። ወደ 40 ቶን ይመዝናል። የፊት ምላጩ ብቻ 4 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው፣ የተራ ጭነት መኪና ስፋት ግን 2 ሜትር ተኩል ከምናምን ነው። ስለዚህ ምላጩ ተፈትቶ ለብቻው ይጫናል። ተፈትቶም ማሽኑ 3 ሜትር ገደማ ስለሚሰፋ ከመስመሩ ወጣ ማለቱ አይቀርም። ማዕድን ማውጫ የሚሠሩት ግዙፍ ገልባጮችማ ጭራሽ ሌላ ዓለም ናቸው። ካተርፒላር 797ኤፍ በአንድ ጊዜ 363 ቶን የሚሸከም መኪና ነው፣ እሱ ራሱ ግን በብዙ መኪና ተበታትኖ ተጭኖ ሥራው ቦታ ላይ ነው የሚገጣጠመው። የሚገርመው ግን እንዲህ ያለው ብዙ ችግር አይፈጥርም። ሁሉም ስለሚፈራው ወራት ቀደም ብሎ ይታሰብበታል። ጉድ የሚሠራን መካከለኛው ነው። "ይኼማ ተራ እስካቫተር አይደል እንዴ፣ ጭነህ ውጣ" የሚባለው።

አሁን ወደ ቁመቱ ልምጣ፣ ነገሩ ያለው እዚህ ነው።

የማሽኑ ባለቤት ወይም ዕቃውን ከወደብ የሚያስወጣለት ትራንዚተር ወረቀት ይሰጠኛል። ወረቀቱ ላይ የማጓጓዣ ቁመት የሚል ቁጥር አለ። ቁጥሩ የመጣው ከፋብሪካው ካታሎግ ነው። ካታሎጉ አይዋሽም፣ ግን የሚናገረው ስለ ሌላ ማሽን ነው። መደበኛው ቡም (ከማሽኑ አካል የሚነሣው ትልቁ ብረት)፣ መደበኛው ክንድ (ቡሙ ጫፍ ላይ ያለው)፣ መደበኛው የመሄጃ ሰንሰለት ተገጥሞለት፣ ቡሙም ልክ በሥዕሉ እንደሚታየው ታጥፎ። የመጣው ማሽን ክንዱ ረዘም ያለ ቢሆን፣ ካቢናው ላይ የድንጋይ መከላከያ ብረት ቢበየድበት፣ ቡሙም ሙሉ በሙሉ ሳይታጠፍ ቢቀር ቁጥሩ ዋጋ የለውም። በዚያ ላይ የሎቤዱ ወለል ከፍታ ይደመራል። ሎቤድ የተባለው ዝቅ ስለሚል ነው፣ ቢሆንም የእኔው ወለል ከመሬት 90 ሳንቲ ሜትር ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት የሆነብኝን ልንገራችሁ። 48 ቶን የሚመዝን እስካቫተር ነበር። ወረቀቱ 3 ሜትር ከ65 ይላል። የእኔን 90 ስደምርበት 4 ሜትር ከ55። ከልክ ያለፈ ጭነት የሚጓዝበት ፈቃድም በዚሁ ቁጥር ወጣ። መንገዱ ላይ ያለው ዝቅተኛ ድልድይ 4 ሜትር ከ70 የሚል ምልክት አለው። 15 ሳንቲ ሜትር ይተርፈኛል ብዬ ተነሣሁ። ማሽኑ ላይ ሜትር አላስቀመጥኩም፣ ጥፋቴን አልደብቅም፣ አመሻሹ ላይ ነበር፣ ባለቤቱም በየአሥር ደቂቃው እየደወለ ነበር።

ድልድዩ ጋ ስደርስ ሆዴ አልወደደውም። ረዳቴን አወረድኩትና ዘንጉን አስያዝኩት። ማሽኑ 4 ሜትር ከ66 ሆኖ ተገኘ፣ ቡሙ በደንብ አልታጠፈም ነበር። ይሁን፣ አሁንም 4 ሳንቲ ሜትር አለኝ አልኩ። ከዚያ ድልድዩን ለካነው። 4 ሜትር ከ61! ምልክቱ ከተተከለ ወዲህ ከሥሩ ያለው መንገድ ሁለት ጊዜ በላዩ ላይ አስፋልት ተደርቦበታል፣ ምልክቱን ግን የቀየረው ሰው የለም። መንገዱ ወደ ላይ አደገ፣ ድልድዩ እዚያው ቀረ።

መፍትሔው ቀላል ነበር፣ ማሽኑን አስነስቶ ክንዱን ትንሽ ወደ ፊት ዘርግቶ ቡሙን ዝቅ ማድረግ። ግን ባትሪው ተነቅሏል፣ ነዳጁም ከታንኩ ሥር ነው። መካኒክ እስኪመጣ፣ ባትሪ እስኪገጠም፣ ከእኔው ታንክ ነዳጅ እስክንቀዳ ሁለት ሰዓት ተኩል ሄደ። ኋላዬ የተሰለፈው መኪና መጨረሻው አይታይም ነበር። በመጨረሻ በአንድ መዳፍ ስፋት አለፍኩ። ቅጣቱ በእኔ መንጃ ፈቃድ ተጻፈ። ወረቀቱን የሰጠኝ ድርጅት ይቅርታ እንኳ አላለም፣ ይልቁንስ ለምን ዘገየህ ብሎ ከሒሳቤ ቆረጠ። አመድ አፋሽ ማለት ይኼ ነው።

እንግዲህ አንባቢያችሁ ያዩት ሹፌር ቢያንስ ቆሞ ለክቷል። ባይቆምስ ኖሮ?

ባይቆም የሚሆነው በአሜሪካ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 23 ቀን 2013 በዋሽንግተን ግዛት በስካጂት ወንዝ ላይ ያለው የአውራ ጎዳና ድልድይ ፈረሰ። ከልክ ያለፈ ጭነት የያዘ መኪና የድልድዩን የላይኛው ብረት መታው፣ 1955 የተሠራው ድልድይም አንዱ ክፍሉ እንዳለ ወንዙ ውስጥ ገባ። ሁለት መኪኖች አብረው ወደቁ፣ ሦስት ሰዎች በሕይወት ተረፉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን የሞተ የለም። ያ መኪና ፈቃድ ነበረው። ከፊቱም የከፍታ መለኪያ ዘንግ የሰካች አጃቢ መኪና ነበረች። ግን የአጃቢዋ ሹፌር በዚያች ሰዓት ስልክ እያወራች ነበር። የድልድዩ ብረት ደግሞ ከላይ እንደ ቅስት የጎበጠ ስለሆነ ዳርና ዳሩ ዝቅ፣ መሃሉ ከፍ ይላል። መኪናው የያዘው ቀኙን መስመር ነው። ግራውን ቢይዝ ኖሮ ባለፈ ነበር። ይኼን የሚያውቀው ቀድሞ መንገዱን ሄዶ ያየ ሰው ብቻ ነው። ፈቃዱ ላይ አይጻፍም፣ ካታሎጉ ላይም የለም።

ስለዚህ ሌሊት ይሂዱ የሚለው ነገር አልተዋጠልኝም። ሌሊት ድልድዩ ከፍ አይል! እንዲያውም ሌሊት የመብራት ገመድ አይታይም፣ የዛፍ ቅርንጫፍ አይታይም፣ የመንገድ ዳር ጉድጓድ አይታይም። ብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ከልክ ያለፈ ጭነት በጨለማ እንዳይንቀሳቀስ የሚከለክሉት ወደው አይደለም። ከተማ ውስጥ መኪና በበዛበት ቦታ ሌሊቱ የሚሻልበት ጊዜ አለ፣ አልክድም። እሱም ቢሆን መንገዱ በቀን ታይቶና ተለክቶ ካለቀ በኋላ ነው።

ክብደቱን በአጭሩ ልለፈው፣ ብዙ ተብሎበታል። 40 ቶን ማሽን፣ ሎቤዱና ጎታቹ ሲደመሩ 70 ቶን ይጠጋሉ። በአውሮፓ ከአገር አገር የሚሄድ መደበኛ መኪና ጣሪያው 40 ቶን ነው፣ በአሜሪካ 36 ቶን ከምናምን። እኛን የሚያድነን ብዙ አክስል (ጎማዎቹን ከግራ ቀኝ የሚያያይዘው ብረት) ነው። ክብደቱ በብዙ ጎማ ሲከፋፈል መንገዱ ይችለዋል። ኢሊኖይ ውስጥ ከ1958 እስከ 1960 መኪና እያመላለሱ ባደረጉት ትልቅ ሙከራ የተገኘው ውጤት እስካሁን ይሠራበታል፦ በመንገድ ላይ የሚደርሰው ጉዳት የአክስሉ ክብደት አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ገደማ ያድጋል። ባጭሩ አንድ አክስል ላይ 10 ቶን የነበረው 12 ቢሆን፣ የጨመረው አምስት እጅ አንዱ ነው፣ ጉዳቱ ግን እጥፍ ይሆናል። ሁለት አክስል ያለው ሎቤድ ርካሽ ነው ብሎ አራት አክስል የሚፈልግ ዶዘር የሚያስጭን ባለቤት ይኼን ያንብብልኝ።

እግረ መንገዴን ጭነት ስለሚታሰርበት ሰንሰለት አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ኋላችን የሚነዳ ሰው ሕይወቱ በዚያ ላይ ነው የተንጠለጠለው። በአሜሪካ ደንብ ከ4 ቶን ተኩል በላይ የሚመዝን ማሽን ቢያንስ በአራት ማሰሪያ ይታሰራል፣ ቡሙና ባኬቱም (መቆፈሪያ አካፋው) ወርደው ለብቻቸው ይታሰራሉ። አራት ግን ትንሹ ነው። የማሰሪያዎቹ አቅም ሲደመር የጭነቱን ግማሽ መሙላት አለበት፣ ከሎቤዱ ቀጥታ ማሽኑ ላይ የሚታሰር ሰንሰለት ደግሞ የሚቆጠረው በግማሽ አቅሙ ነው። 13 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የተለመደው ግሬድ 70 (የጥንካሬ ደረጃው ነው) ሰንሰለት አቅሙ 5 ቶን ትንሽ አለፍ ያለ ነው። ለ40 ቶን ዶዘር ስታሰሉት ስምንት ሰንሰለት ይመጣል። ስምንት! በሁለት ሰንሰለት ታስረው ሲሄዱ ስንት ዶዘር እንዳየሁ አልናገርም። "40 ቶን ብረት የት ይሄዳል" ይላሉ። ድንገት ፍሬን ሲያዝ ወደ ካቢናው ነዋ የሚሄደው። በብረት ሰንሰለት የሚሄድ ማሽን የሎቤዱ ብረት ላይ ሲቀመጥ፣ በተለይ ጭቃና ውሃ ካለ፣ እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። ለዚህ ነው ከሥሩ እንጨት ወይም ጎማ የሚነጠፈው።

ቁልቁለት ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስሄድ ኋላዬ ሆነው የሚበሳጩም አሉ። ይበሳጩ። 70 ቶን የሚወረደው በማርሽና በሞተር ፍሬን ነው፣ የጎማ ፍሬን ከጋለ በኋላ ማን ያቆመዋል?

ከድልድይም በላይ የሚያስፈራኝ ግን የባቡር ማቋረጫ ነው። ሎቤድ ሆዱ መሬት ሊነካ ትንሽ ነው የሚቀረው፣ ሐዲዱ ከመንገዱ ከፍ ብሎ ከተሠራ እንደ ሚዛን መሃሉ ላይ ይቀመጥና ጎማው ይንጠለጠላል። ባይንጠለጠል እንኳ ርዝመቱ አለ። በእንግሊዝ ሂክሰን በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. ጥር 6 ቀን 1968 የሆነውን ሎቤድ የሚነዳ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። 120 ቶን ትራንስፎርመር የጫነ 45 ሜትር የሚረዝም ተሽከርካሪ አውቶማቲክ ማቋረጫ ላይ ገባ። የሚሄደው በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በዚያ ፍጥነት ለማቋረጥ አንድ ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ማቋረጫው የተሠራው ግን መብራቱ በበራ በ24 ሰከንድ ባቡሩ እንዲያልፍ ሆኖ ነበር። ፈጣኑ ባቡር መጥቶ መታው፣ 11 ሰዎች ሞቱ። ፖሊስ እያጀበው ነበር። ማቋረጫው ጋ ስልክ ነበር፣ ለባቡር ተቆጣጣሪው ደውሎ ማስፈቀድ ይቻል ነበር፣ ግን መደወል እንዳለበት ያሰበ ሰው አልነበረም። አጃቢም ፈቃድም እያለ ማለት ነው። የጎደለው አንድ ሰው ቀድሞ እዚያ ቆሞ "ይኼ ነገር በስንት ሰከንድ ያልፋል?" ብሎ መጠየቁ ነው።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል። የእኛም ጉድ መጨረሻ ላይ ያለው 2 ኪሎ ሜትር ነው። ስንት መቶ ኪሎ ሜትር በሰላም መጥተን ሳይቱ በር ላይ እንቀራለን። ሳይት ኢንጂነሩ በስልክ "መግቢያው ተዘጋጅቷል" ይለኛል። ስደርስ የተዘጋጀው ለፒካፕ ነው። አዲስ የተደለደለ አፈር ላይ 70 ቶን አልገባም፣ ብገባም አልወጣም። መግቢያው ላይ ቱቦ ተቀብሮ ይሆናል፣ ምን ያህል እንደሚችል የሚያውቅ የለም። መዞሪያ ቦታ የለም። ሎቤድ ሲታጠፍ የኋላው የፊቱን ዱካ አይከተልም፣ ወደ ውስጥ ቆርጦ ነው የሚገባው፣ ጠባብ ኩርባ ላይ የአጥር ግንብ ይዞ ይሄዳል። ታዲያ ምን ይደረጋል? ዋናው መንገድ ላይ ቆመን እዚያው እናወርዳለን። ከዚያ መንገድ ዘጋ ተብሎ እንደገና ሹፌሩ ይሰደባል። ማሽኑን ከሎቤዱ ማውረድ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ ደልዳላ ቦታ ይፈልጋል። ሎቤዱ ወደ ጎን ትንሽ ካዘነበለ ዶዘሩ ሊገለበጥ ይችላል፣ ከነኦፕሬተሩ።

እና የምጠይቀው ምንድነው? ብዙ አይደለም። ማሽኑ ተጭኖና ታስሮ ካለቀ በኋላ፣ ከወደቡ በር ከመውጣቱ በፊት፣ ቁመቱ፣ ስፋቱና ርዝመቱ በሜትር፣ የእያንዳንዱ አክስል ክብደትም በሚዛን ይወሰድ። ፈቃዱ ከካታሎጉ ጋር ሳይሆን ከዚህ ልኬት ጋር ይመሳከር፣ ካልተስማማ መኪናው አይውጣ። መንገዱን ቀድሞ በትንሽ መኪና፣ ዘንግ ሰክቶ የሄደ ሰው ይኑር፣ በምልክቱ ሳይሆን በዘንጉ ይመን። ልኬቱ ላይ የሚፈርመው ደግሞ ማሽኑን ያዘዘው አካል ይሁን። ሳይቱ ዝግጁ ነው ያለውም ሰው እንዲሁ ይፈርም። ፊርማው የራሱ የሆነ ቀን ሜትር ለመግዛት አይሰስትም።

ወጪ ነው ይላሉ። ማሽኑ ወደብ ውስጥ ባደረ ቁጥር ኪራይ ይቆጥራልና ዛሬውኑ ይውጣ ነው ጭቅጭቁ። መለካት ግን ግማሽ ሰዓት ነው። ባትሪ ገጥሞ ጥቂት ነዳጅ ጨምሮ ማሽኑ እንደሚነሣ እዚያው ማረጋገጥ ሌላ አንድ ሰዓት ነው። የእኔ ሁለት ሰዓት ተኩል ኋላዬ ለተሰለፈው ሕዝብ ስንት እንደወጣበት ያሰላለት የለም፣ ምክንያቱም ያ ወጪ ከባለቤቱ ኪስ አይወጣም።

እኛ ሹፌሮችም ንጹሕ ነን አልልም። "አውቀዋለሁ፣ ስንቴ ሄጄበታለሁ" የሚል በሽታ አለብን። እኔም ያን ቀን ያልለካሁት በዚሁ ነው። ቢያስቀጡኝ አልቀየምም፣ ግን ከእኔ ጎን ወረቀቱን የጻፈውም ይቁም።

ለአንባቢያችሁም አንድ ነገር ልለምናቸው። በሚቀጥለው ጊዜ ዘንግ የያዘ ሹፌር ድልድይ ሥር ቆሞ ካዩ ጡሩምባውን ይተዉትና መስኮቱን ዝቅ አድርገው ወረቀቱን ማን እንደሰጠው ይጠይቁት። ከዚያ ስለዚያኛው ሰው ይጻፉልን።

ይኼን የምጽፈው ማታ ነው። ነገ ጠዋት ወደብ ነኝ፣ አንድ ሎደርና አንድ ዶዘር አለ። ቁመቱ ስንት ነው ብዬ ደውዬ ነበር። "መደበኛ ነው" አሉኝ። ዘንጉን ካቢናው ውስጥ አስገብቻለሁ።

አንድ የሎቤድ ሹፌር